አንድ ጭረት ያለበት ጥይት

አባቴ ከሞተ ስምንት ወር ሆነ። በእነዚህ ወራት ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፤ «ምን የመሰለ አዳኝ ነበር፣ ዓይኑ ባይከዳው!» እኔም አንገቴን ደፍቼ «ምን ይደረግ» እላለሁ። ሐዘንተኛ አንገቱን ሲደፋ ማንም ምክንያቱን አይጠይቅም። ዓይኑ ሳይከዳው ለምን እንደሳተ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ የሚያውቅ ቢኖር ይሄን ሁሉ ዘመን አፉን ይዞ አይቀመጥም ነበር።

የምንኖረው በአንድ የአደን ድርጅት ግቢ ውስጥ፣ ቆዳ ከሚደርቅበት መጋዘን ጀርባ በተሠሩ ሁለት ክፍሎች ነበር። ልብሳችንም ደብተሬም ጨው የተነሰነሰበት ቆዳና የጠመንጃ ዘይት ይሸት ነበር። የትምህርት ቤት ልጆች አፍንጫቸውን ሲይዙ እኔ ሌላ ሰው የሸተታቸው እየመሰለኝ ዞር ዞር እል ነበር። እናቴ ለድርጅቱ እንግዶች ታበስላለች። አባቴና ታናሽ ወንድሙ አዳኞች ናቸው፤ እንግዶቹን ተራራ ያወጣሉ፣ እንስሳውን ያሳያሉ፣ እንግዳ አቁስሎ የለቀቀውን ተከትለው ይጨርሳሉ።

አባቴን «ሚዛኑ» ይሉታል። የተዘጋጀ ጥይት ገዝቶ አይተኩስም፤ ባዶውን ቀለህ ሰብስቦ፣ አጥቦ፣ ባሩዱን መዝኖ ራሱ ይሞላል። ከኋላ ክፍላችን መስኮት ሥር አንዲት ጠረጴዛ ነበረችው፤ ላይዋ ላይ ጥይት የሚሞላበት የብረት መጭመቂያ፣ የባሩድ ጣሳ፣ መጫወቻ የምታክል የናስ ሚዛን። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ በርጩማ ላይ ጉብ እላለሁ። እሱ በማንኪያ ጫፍ ባሩድ ይጨምራል፤ እኔ አገጬን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ የሚዛኗን መርፌ አያለሁ።

«መሃል ናት?»

«ትንሽ ወደ ግራ።»

አንዲት ፍሬ ጠብ ያደርጋል። «አሁንስ?»

«መሃል።»

«ጎበዝ። እኔም እንደዚያ ነው ያየኋት።»

ፈተና መስሎኝ ነበር። እያወቀ የሚጠይቀኝ፣ ሊያስተምረኝ የሚፈልግ አባት አለኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው። አንድም ቀን ተሳስተሻል ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም ይሄን ከጉብዝናዬ ቆጠርኩት።

አጎቴን ደግሞ «ነጎድጓድ» ይሉታል። ተኩሱ ከሁለት ተራራ ማዶ ይሰማል፤ ሳቁም እንደዚያው። ሲመጣ አንስቶ ትከሻው ላይ ያስቀምጠኛል፣ ጣራው እንዳይመታኝ ጎንበስ ብሎ ይገባል። እውነቱን ልናገርና፣ ያኔ ከአባቴ ይልቅ እሱን ነበር የምወደው። አባቴ ሰው ሲቀልድ ትንሽ ቆይቶ የሚስቅ ዓይነት ነው። አጎቴ ቀልዱን ሳይጨርስ ይስቃል።

ያን ዓመት ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት ዓይነት ጥይት ነበር። ቀለሁ አንድ፣ ጠመንጃው አንድ፤ ልዩነቱ ቀለሁ አፍ ላይ የሚሰካው አረር ነው። የአባቴ ምርጫ መካከለኛ ክብደት ያለው፣ ሾጠጥ ያለ አረር ነው። ሌላው አጎቴ «ሞክረው፣ ሞክረው» እያለ አስጨንቆ ያስሞላው ነው፤ ከባድ አረር። ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። እንዳይምታቱ አባቴ የቀለሁ ቂጥ ላይ በመርፌ ይጭርባቸዋል፤ የራሱ ምርጫ ላይ አንድ ጭረት፣ የአጎቴ ላይ ሁለት። ጭረቶቹ ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ዋናው አዳኝ አርጅቶ ሊወጣ ነበር። የዋናው አዳኝ ቤት ከግቢው ራስ ላይ ያለው የድንጋይ ቤት ነው፤ ቧንቧ እቤት ድረስ የገባለት፣ ቆዳ የማይሸትበት፣ ለእኔ እንኳ አንድ ክፍል የሚተርፍበት። ከገደሉ ማዶ ደግሞ ከመንጋው የተለየ አንድ ሽማግሌ አጋዘን ነበር፤ ቀንዱ እንደ ዛፍ የተንዠረገገ፣ ሌሎቹን ወንዶች እየወጋ የሚያቆስል። እንዲወገድ ተወሰነ። ባለድርጅቱ አባቴን ጠርቶ «አንተ ትተኩሳለህ። እንግዶች ባሉበት በአንድ ጥይት ካወረድከው ሹመቱም ቤቱም የአንተ ነው። ካልሆነ ለወንድምህ ነው» አለው። ገደሉ ስላለ ከአራት መቶ እርምጃ በላይ መቅረብ አይቻልም። እናቴ ያን ምሽት የድንጋይ ቤቱን መስኮት መጋረጃ በክንዷ ለካችው፤ ገና በሐሳብ።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም።

«ስማኝ ወንድሜ» ይላል አጎቴ፣ «ይሄ አጋዘን ፈረስ ያክላል። በዚያች ጥይትህ ብትመታው ዝንብ አረፈብኝ ብሎ ነው ጆሮውን የሚያራግፈው።»

«ዝንቧ ልቡ ላይ ካረፈች ትበቃለች።»

«ለትልቅ እንስሳ ትልቅ ጥይት! ይሄ ደግሞ ምን ትምህርት ይፈልጋል?»

«ሩቅ ነዋ። የአንተዋ ከባድ ናት፣ እዚያ እስክትደርስ ትወርዳለች። የእኔዋን መንገዷን አውቀዋለሁ። የጠመንጃውንም መነጽር ያስተካከልኩት በእሷ ነው፤ ነፋስ ቢኖር፣ ባይኖር፣ የት እንደምታርፍ አውቃለሁ።»

እናቴ ሳህን እያደረቀች «እናንተ እስክትመርጡ አጋዘኑ በዕድሜው ይሞታል» አለች። አጎቴ ሳቀ። አባቴ ትንሽ ቆይቶ ሳቀ።

በማግስቱ ከአሸዋ ጉድጓዱ ፊት የወረቀት ዒላማ ተክለው ሁለቱንም ሞከሩ። የቆዳ ቤት ሠራተኞች ሥራ ትተው መጡ። አባቴ በራሱ ጥይት ሦስት ጊዜ ተኮሰ፤ ሦስቱም በመዳፍ የሚሸፈኑ ነበሩ። ቀጥሎ በከባዱ ተኮሰ። የመጀመሪያው ዝቅ አለ፣ ሁለተኛው ወደ ጎን ሄደ። ከሦስተኛው በኋላ ጠመንጃውን አስቀምጦ ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ።

«ይሄ ጥይት ከእንስሳው በፊት ተኳሹን ነው የሚመታው» አለ። «እንደሚመታኝ ካወቅሁ ምላጩን ከመሳቤ በፊት ዓይኔ ይጨፈናል። አልዋሽም።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። አንዱማ «ሚዛኑ ትከሻው ተመዘነ» ብሎ ሁሉንም በሳቅ ገደላቸው። እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት «ያመኛል» ለማለት ድፍረት የነበረው እሱ ብቻ ነው። ምት የሚጠብቅ ሰው ይሸማቀቃል፤ አፈሙዙ የፀጉር ያህል ቢነቃነቅ አራት መቶ እርምጃ ላይ ስንዝር ይሆናል። ይሄንን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ በግቢው አልነበረም። አሥር ዓመት ለሞላት ልጅ ግን፣ የሚያመው አባት ፈሪ አባት ነው።

ፍርዴን ያጸናልኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። አደኑ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ሆኜ ሁለቱ ወንድማማቾች ሲያወሩ ሰማሁ።

«እስከ መቼ ነው የምትደብቀው?» አለ አጎቴ። እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ይሄ አደን ይለፍ።»

«ፈርተሃል። በቃ ፈርተሃል፤ ሌላ ምንም የለም።»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አለ አባቴ። «ልጅ አለችኝ፣ ሚስት አለችኝ። ምን ልሁን ታዲያ?»

ሮጥኩ። አባቴ በገዛ አፉ ፈርቻለሁ አለ! ከባዱን ፈርቶ በቀላሉ ጥይት ሊተኩስ፣ አጋዘኑ ጆሮውን አራግፎ ሊሄድ፣ እናቴ መጋረጃዋን ልታጣ። የሚያስፈልገው ትንሽ እገዛ መሰለኝ። አንድ ጊዜ በትልቁ ጥይት ተኩሶ ካወረደው፣ የሚፈራው ነገር እንዳልነበረ ራሱ ያውቀዋል። ሌላ ቀን ስነግረው ይስቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ቢሆንም ይስቃል። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ክፋት አልነበረበትም። ብዙ ጥፋት የሚሠራው ክፋት በሌለበት መሆኑን ማን ያስተምረኝ?

የአባቴ ልማድ ይሄ ነበር። የአደን ጠዋት መስኮቱ ሥር እንቀመጣለን። አምስት ጥይት ከሣጥኑ አንድ በአንድ አወጣለታለሁ፣ ቂጡን አይቼ ጭረቱን እነግረዋለሁ፣ እሱ በጨርቅ ወልውሎ ቀበቶው ላይ ይሰካል። ያን ጠዋትም ተቀመጥን። ማታውን አንድ ጭረት ያላቸውን ከሣጥኑ አውጥቼ በቦታቸው ባለ ሁለቱን አስገብቼ ነበር።

«ስንት ጭረት?»

«አንድ።»

ወለወለ፣ ሰካ። «ይሄኛውስ?»

«አንድ።»

አምስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ አምስት ጊዜ «አንድ» አልኩ። ሲጨርስ ፀጉሬን ዳበስ አድርጎ «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር» አለኝ። እኔም ሁሉም አባት ልጁን እንዲህ የሚላት መስሎኝ ፈገግ አልኩ።

ከማእድ ቤቱ በረንዳ ማዶው ይታያል። እናቴና እኔ አንድ የተሰነጠቀ አቅራቢ መነጽር እየተቀባበልን ቆምን። አጋዘኑ ከጥሻው ወጥቶ ጎኑን ሰጠ። አባቴ ከወዲህኛው ጠርዝ ድንጋይ ላይ በደረቱ ተኝቷል፤ ባለድርጅቱና እንግዶቹ ከኋላው ተንበርክከዋል። ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ የተኩሱ ድምፅ በገደሉ ወዲህና ወዲያ አስተጋባ፤ ከወትሮው የበለጠ ነበር። ደስ አለኝ።

አጋዘኑ በፊት እግሩ ተንበረከከ። እናቴ «ወደቀ!» ብላ እጄን ጨመቀችው። ግን ተነሣ። አንድ እግሩ ከታች እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ፣ በሦስት እግሩ እየተወላገደ ጥሻው ውስጥ ገባ። እናቴ መነጽሩን አወረደች። ወደ ምድጃዋ ተመለሰች።

ሲተኩስ የአባቴ ትከሻ ከባዱ ጥይት መሆኑን አልነገረውም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። ብዙ አዳኝ ጠይቄያለሁ፤ እንስሳ ፊት ምት አይሰማም ይላሉ። አረሩ ከታለመበት ከአንድ ስንዝር በላይ ወርዶ ነበር ያረፈው፤ ልክ አባቴ «ትወርዳለች» እንዳለው።

የቆሰለ እንስሳ ትቶ መመለስ በእሱ ዘንድ ነውር ነው። ሦስት ቀን ተከተለው። አጎቴ አብሮት ሄዶ ነበር፤ በኋላ እንደነገረን አባቴ ደም ያለበት ቅጠል ባገኘ ቁጥር እየቆመ ነካ ያደርገው ነበር። በሦስተኛው ቀን ወንዝ ዳር ተኝቶ አገኙት፣ ቁስሉ ተልቶ። አጠገቡ ሆኖ ጨረሰው።

ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ቀበቶውን ወንበር ላይ ጥሎ ሊታጠብ ወጣ። እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የቀሩትን ሦስት ጥይቶች አወጣሁና ባለ አንድ ጭረቶቹን ሰካሁ። ባዶዎቹን ቀለሆች ከኪሱ አውጥቼ ቆዳ በሚነከርበት በርሜል ውስጥ ጣልኳቸው። ቅጣት ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በማግስቱ ባለድርጅቱ «ምናልባት ጠመንጃው ይሆናል» ብሎ እንዲሞከር አዘዘ። አጎቴ የአባቴን ጠመንጃ በአባቴ ጥይት፣ ከቀበቶው በቀሩት በሦስቱ፣ ወረቀት ላይ ተኮሰ። ሦስቱም በመዳፍ የሚሸፈኑ ሆኑ። አጎቴ ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም፤ ወንድሙ ጥፋተኛ እንዳይሆን ጠመንጃው ጠማማ ሆኖ እንዲገኝ ይመኝ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ጠመንጃው ደህና ነው። ጥይቱ ደህና ነው። የቀረው ሰውየው ነው።

አባቴ ወደ ባለድርጅቱ ቢሮ ሲገባ ተከትዬው በሩ ላይ ቆምኩ። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከቅርብ ማየት ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል» አለ። «መርፌ አላይም፣ ጽሑፍ አላይም። ወንድሜ ተናገር ሲለኝ ከሥራ ታስወጡኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ደበቅሁ። የሩቁ ደህና ነው ብዬ ነበር። አሁን እሱም ሄዷል። ይሄን ጨርሶ አላውቅም ነበር፤ እንስሳውን ጥርት አድርጌ ያየሁት መስሎኝ ነው የተኮስኩት።»

እዚያ በር ላይ ነው የሚዛኗ መርፌ፣ የጭረቶቹ ቆጠራ፣ «እኔም እንደዚያ ነው ያየኋት» ያለኝ ሁሉ የገባኝ። ሲፈትነኝ አልነበረም። ዓይኑ ነበርኩ። ከወንድሙ ጋር ሲከራከር «ፈርቻለሁ» ሲል የፈራውም ይሄንኑ መናገር እንጂ ጥይቱን አልነበረም። አንድ ቃል ብናገር ጠመንጃውን መልሶ ያነሣ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ባለድርጅቱ «ልጅቷን አስወጧት» አለ፤ እኔም በደስታ ወጣሁ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ።

ነገ ደግሞ አያልቅም። አጎቴ ዋና አዳኝ ሆኖ የድንጋይ ቤት ገባ፤ ግማሹን ውሰዱ ብሎ ሲለምን አባቴ እምቢ አለ። አባቴን የግቢው በር ጠባቂ አደረጉት። ሃያ ሁለት ዓመት ያንን በር ከፍቶ ዘጋ። ከዚያ ሁሉ የማይረሳኝ፣ ከሰዓት በኋላ አጠገቡ ስቀመጥ ማዶውን እያየ «ሦስት ናቸው፣ አንዷ ግልገል አስከትላለች» ይልና ድንገት የሚያቆመው ነገር ነው። «ወይ መስሎኝ ይሆናል» ይላል። መነጽር ያለው እንግዳ አይቶ «እውነትም ሦስት!» ሲል፣ አባቴ «አጋጣሚ ነው» ብሎ ወደ መሬት ያያል። ደህና የሆነውን ዓይኑን አላምነው አለ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ሃያ ዓመቴ፣ ዝም።

ተምሬ፣ ከተማ ገብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ባለፈው ዓመት የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ለንባብ የሚሆን መነጽር እንዲታዘዝለት ነበር ሐሳቤ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ለሰው የሚያዝን። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ እያሳየ ምልክቶቹ ወዴት እንደዞሩ ጠየቀው። አባቴ እየፈራ፣ በጣቱ እያመለከተ፣ ከላይኛው መስመር እስከ ታችኛው ወረደ። አንድም አልሳተም። ሐኪሙ ሌላ ሰሌዳ አመጣ። እሱንም ጨረሰው።

«አባቴ» አለ ሐኪሙ፣ «የቅርቡ በዕድሜ የሚመጣ ነው፣ መነጽር እሰጥዎታለሁ። የሩቁ ግን የጎረምሳ ነው።»

«ተመልሶልኝ ይሆናል» አለ አባቴ። «ጠፍቶ ነበር።»

«እንዲህ ያለ ነገር ጠፍቶ አይመለስም። አልጠፋም ነበር።»

«ጠፍቶ ነበር እንጂ ልጄ! በእሱ የተነሣ ነው ሥራዬን የተውኩት። አንድ እንስሳ አሠቃይቼበታለሁ።» አባቴ ሲቆጣ ያየሁት ያኔ ነው። ታሪኩን በሙሉ ነገረው፤ ድንጋዩን፣ ነፋሱ እንዳልነበረ፣ የትከሻውን አጥንት ጥርት አድርጎ እንዳየ፣ ሦስቱን ቀን። «ጠመንጃው ተፈተሸ፣ ጥይቱ ተፈተሸ። ታዲያ ከዓይኔ በቀር ምን ቀረ?»

ሐኪሙ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ያስታውሳሉ? ያን ጊዜ ምን ሆኖ ነበር?»

አባቴም ዞሮ አየኝ፤ በደህናዎቹ ዓይኖቹ። ክፍሉ ውስጥ ከሦስታችን በቀር ሰው አልነበረም። የሚያስወጣኝ አልነበረም፣ የሚቀጣኝ አልነበረም። ይቅር እንደሚለኝ እንኳ አውቅ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ።

«ተዋት እስቲ ዶክተር» አለ አባቴ፣ ጉልበቴን መታ መታ እያደረገ። «እሷ ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ምን ታውቃለች?»